ብርድ የመታው ሰርቨር

ሥራውን በአንድ ቃል መናገር የማይችል ሰው ሚስት ለማግባት ባይነሣ ይሻለዋል። ሐኪም «ሐኪም ነኝ» ይላል፤ ያልቃል። ሾፌርማ መሪ እንደያዘ በእጁ ቢያሳይም ይበቃዋል። እኔ ግን «ሥራህ ምንድነው?» ስባል መጀመሪያ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ ቀጥዬ መቀመጫ እፈልጋለሁ፣ ያን ጊዜ ጠያቂው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። እናቴ ለጎረቤት «ኮምፒውተር ይጠግናል» እያለች ስትገላግለኝ ኖራለች። በዚህ የተነሣ እናቴ ወደምትኖርባት የመንዝ ከተማ ወደ ቀየት በሄድኩ ቁጥር የተሰበረ ሬዲዮ፣ ድምፅ የነሣ ስልክ፣ አንድ ጊዜም የወፍጮ ሞተር ቀርቦልኛል። ወፍጮውን አልችልም ስል ባለቤቱ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ «ይህን ሁሉ ዓመት ታዲያ ምን ስትማር ከረምክ?» ብለውኛል።

ለእናንተ ልንገራችሁና ይውጣልኝ። አዲስ አበባ የምሠራበት ኩባንያ አፕሊኬሽን ሰርቨር የሚባል ሶፍትዌር ይሠራል። ባንኩም፣ ኢንሹራንሱም፣ ትልልቁ መሥሪያ ቤትም የየራሱ ፕሮግራም አለው፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የሚቆምበት መሠረት ይፈልጋል። መሠረቱን የምንሠራው እኛ ነን። እንግዳ ቤት ሲገባ ጣሪያውን ያደንቃል፣ በሩን ያደንቃል፤ «መሠረቱ እንዴት ያምራል!» ያለ እንግዳ ግን እስካሁን አላየሁም። ይህ ሳያንስ ኩባንያችን ኦፕን ሶርስ ነው። የጻፍነውን ኮድ ማንም እንዲያየው ክፍት አድርገን እናስቀምጠዋለን። የፈለገ ይወስዳል፣ ይጠቀማል፣ ከቻለም ያሻሽላል፤ ክፈል የሚለው የለም። እኛ የምንበላው ትልልቆቹ ተጠቃሚዎች «ሲበላሽብን ድረሱልን» ብለው ውል ስለሚገቡልን ነው። ይኸው ነው። ይህ ከገባችሁ እናንተን ሽማግሌ አድርጌ ልኬ ቢሆን ኖሮ ያንን ሁሉ ጉድ ባላየሁ ነበር።

ሽማግሌ የተላከው ለመቅደስ ነው። መቅደስ ቀየት ባለው የገበሬዎች ቁጠባና ብድር ማኅበር መስኮት ላይ ተቀምጣ «ሲስተም የለም» የምትል ልጅ ናት። የተዋወቅነውም እናቴ ማኅበሩ ዘንድ ልካኝ ነው። ስሄድ ሲስተም አልነበረም። በማግስቱም አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ስሄድ ሲስተሙ መጥቶ ቆየኝና ቅር አለኝ። ሰው መውደዱን በምን እንደሚያውቅ አይታወቅም፤ ጨረቃ አይቶ የሚያውቅ አለ፣ ዘፈን ሰምቶ የሚያውቅ አለ፣ እኔ ሲስተም መጥቶብኝ ነው ያወቅኩት። ከዚያ በኋላ እናቴ ሳትልከኝም ማኅበሩ ደጅ መዋል ጀመርኩ። በመጨረሻ መቅደስ «ሰው መጠርጠር ጀምሯል፤ ወይ ተወኝ ወይ አባባ ዘንድ ሽማግሌ ላክ» አለችኝ። መተው አልቻልኩም።

አባቷ ጋሽ ሸዋንግዛው ይባላሉ። ጓሳን ከሚጠብቁት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው። ጓሳ የአገሬው የጋራ ሣር ነው። ሲዘጋ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ባልተፈቀደ ጊዜ አንዲት እስር ያጨደ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ጋሽ ሸዋንግዛው የገዛ ወንድማቸውን በጎች በዝግ ጊዜ ጓሳ ውስጥ አግኝተው አስቀጥተዋል ይባላል። ወንድማቸው ቂም ይዘው እንደሆነ ብጠይቅ «ኧረ እሳቸውም ጠባቂ ሆኑ» አሉኝ። እንግዲህ ሽማግሌ የምልከው እንዲህ ያሉ ሰው ቤት ነው።

የመረጥኳቸው ሽማግሌዎች ሦስት ናቸው። አንዱ አጎቴ ጋሽ በቀለ ናቸው፤ ንግግር ይወዳሉ። ሁለተኛው መምሬ ወልደየስ ናቸው፤ የንስሐ አባታችን ስለሆኑ ማንም በር አይዘጋባቸውም። ሦስተኛው ጎረቤታችን ናቸው፤ እሳቸው የተመረጡት ዝም እንዲሉ ነው፤ አደራቸውንም እስከ መጨረሻው ጠብቀዋል። ከመሄዳቸው በፊት አጎቴ «ስለ ሥራህ ቢጠይቁን ምን እንበል?» አሉኝ። እዚህ ላይ ነው የሞኝነቴ ሥር። «የመንግሥት ሠራተኛ ነው በሏቸው» ብል ነገሩ እዚያው አልቆ ነበር። እኔ ግን እንጨት አንሥቼ መሬት ላይ ሰርቨር መሣል ጀመርኩ። ስለ ነጻነት፣ ስለ ክፍትነት፣ ዓለም ሁሉ ተረዳድቶ ስለሚጽፈው ኮድ በሰፊው አስረዳኋቸው። መምሬ በየመሀሉ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ በኋላ ሳጣራ እንቅልፍ ነው።

«ገባኝ፤ ቸር ኩባንያ ነው» አሉ አጎቴ። ቃሉ ደስ አለኝና አላረምኳቸውም።

ባለጉዳዩ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። እኔ ከታች በኩል ባለው የድንጋይ ካብ ጀርባ ተቀምጬ በሩን በሩቅ እጠብቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ደጅ ላይ ቆሙ፣ «ቁጭ በሉ» ተባሉ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፣ ገቡ። ሲወጡ ፊታቸውን ሳየው የመጠጡ ጣሳ እንኳ እንዳልጎደለ ገባኝ። ውስጥ የሆነውን አጎቴ ቤት እስክንደርስ በየእርምጃው ነገሩኝ።

«ልጁ ምን ይሠራል?» ብለው ጠየቁ አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው።

«ኩባንያ ውስጥ ነው።»

«ኩባንያው ምን ይሸጣል?»

«አይሸጥም፤ በነጻ ነው የሚሰጥ» ይላሉ አጎቴ ደረታቸውን ነፍተው።

«እርዳታ ነዋ! እርዳታ እኮ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል።»

«እርዳታስ አይደለም። ሀብታሙም ደሀውም የፈለገውን ያህል ይወስዳል።»

«ማነው የሚጠብቀው?»

«ማንም። ክፍት ነው።»

 ጋሽ ሸዋንግዛው «እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የጋራ የሆነን ነገር ስጠብቅ ነው» አሉ። «ጠባቂ የሌለው ሣር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። አንድ ክረምት ሁሉም ያጭዳል፣ በሁለተኛው አፈር ይቀራል። ልጄ ያን ጊዜ ምን ትብላ? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚል ሰው ቤት አልሰዳትም። ለማንኛውም ዘመድ ልጠይቅ።»

አጎቴ አጽናኑኝ። የመጀመሪያው ቀን ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፤ ልጁን ወዲያው የሚሰጥ አባት ልጁ አስመርራዋለች ማለት ነው አሉ። «ዘመድ ልጠይቅ» ማለትም ተመለሱ ማለት ነው አሉ። እኔ ግን የፈራሁት መልሱን አልነበረም። የፈራሁት የሰውየው ነገር እውነት መስሎ ስለታየኝ ነው።

ለሁለተኛው ጊዜ አጎቴ ተዘጋጅተው ሄዱ። ኩባንያው በነጻ ከሰጠ ከምን እንደሚበላ በደንብ አስጠንቻቸው ነበር። እሳቸውም ገና ሳይጠየቁ «የሰጡት ነገር ሲበላሽ ይከፈላቸዋል!» ብለው ጀመሩ።

«ሲበላሽ ነው የሚከፈላቸው?» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው።

«አዎን።»

«ታዲያ እንዳይበላሽ አድርገው ቢሠሩት ምን ይበላሉ?»

ይህን ጥያቄ ኩባንያችን ውስጥ ደፍሮ የጠየቀ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። መምሬ ነገሩን ወደ ወንጌል ለመሳብ ሞክረው «በከንቱ ተቀበላችሁ በከንቱ ስጡ ተብሏል» ቢሉ ጋሽ ሸዋንግዛው «ለሐዋርያት ነው እንጂ ለባለትዳር አልተባለም» ብለው መለሱላቸው። በመጨረሻም ዋስ ጠየቁ። ይህን በነጻ የተሰጠ ነገር ወስዶ የተጠቀመ፣ እሳቸው የሚያውቁት፣ የአገር ሰው ይቅረብና ይመስክር አሉ።

ዋስ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ ሌላ ሞኝነቴን ልጨምርላችሁ። ከዚያ በፊት አንድ ቀን ማኅበሩ ደጅ ቆሜ የመቅደስን ስክሪን ሳይ «አገልግሎቱ ለጊዜው አልተገኘም» ከሚለው ጽሑፍ ሥር በትንንሽ ፊደል የኛ ሰርቨር ስም ተጽፎ አይቼ ነበር። የኛ ስም ለተራ ሰው የሚታየው ሲበላሽ ብቻ ነው፤ ደህና ሲሠራ ማንም መኖራችንን አያውቅም። ቢሆንም ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ለአጎቴ «የኛ ሥራ እኮ እዚህ ቀየት ድረስ ገብቷል!» ብዬ ነበር። ለካ ማኅበሩ ሲስተሙን ያስገባለት ነጋዴ የኛን ሰርቨር በነጻ አውርዶ ጭኖለት፣ ዋጋውን ተቀብሎ፣ ስልኩን ቀይሮ ሄዷል።

«ዋስ አለን!» አሉ አጎቴ ከወንበራቸው ብድግ ብለው። «የማኅበሩ ሲስተም! እሱ የኛ ልጅ ሥራ ነው!»

መምሬ የጋቢያቸውን ጫፍ ሳቡ፤ ቃሉ ግን ወጥቶ አልቋል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት አጎቴ ናቸው።

«ያ የለም የለም የሚሉን ነገር?» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው ቀስ ብለው። «ያ በገበያ ቀን እየሞተ ሰውን ደጅ የሚያውል ነገር? የናንተ ልጅ ነው?»

«የኛው ነው!» አሉ አጎቴ በኩራት።

ለካ ጋሽ ሸዋንግዛው የማኅበሩ ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢም ናቸው። በየገበያው ቀን ገበሬው በጉን ሸጦ፣ ከሩቅ በእግሩ መጥቶ፣ ሲስተም የለም ሲባል የሚራገመው እሳቸውን ነው። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ፈረዱ። በሚቀጥለው ገበያ ልጁ ራሱ ይምጣ። ያ ነገር ገበያው እስኪበተን ሳይሞት ከዋለ እንነጋገራለን። ከሞተ ግን ለሽምግልናም ለሰላምታም ደጄን እንዳትረግጡ።

ይህን ካቡ ጀርባ ስጠብቅ መጥተው ነገሩኝ። ኩባንያችን ውል ለሌለው ተጠቃሚ ሰው አይልክም፤ ደንብ ነው። ለአለቃዬ ደውዬ «የቤተሰብ ጉዳይ አለብኝ» ብዬ ፈቃድ ወሰድኩ። ውሸት አይደለም፤ ቤተሰብ መሆን ወይም አለመሆን ነው የነበረው።

በገበያው ዋዜማ ማኅበሩ ቢሮ ገባሁ። መቅደስ አጠገቤ ተቀምጣ እኔ ኮምፒውተሬን ከፈትኩና እንደ ባለሙያ መፈተሽ ጀመርኩ። ነጋዴው ያበላሸው ብዙ ነበር። ይህን አስተካከልኩ፣ ያንን ቀየርኩ፣ እያንዳንዱን ባገኘሁ ቁጥር «ይኸው በሽታው!» እላለሁ፤ እሷም «ጎበዝ» ትለኛለች። ጎበዝ ባለችኝ ቁጥር ሌላ እፈልጋለሁ። ብዙ ከቆየሁ በኋላ ግን አንድ መስመር አየሁ፤ ማሽኑ ራሱ ሙቀቱ ከልክ አለፈ ብሎ በገዛ ፈቃዱ እየጠፋ ኖሯል። መንዝ ውስጥ፣ በዚያ ብርድ፣ የሞቀው ማሽን!

«ሰርቨሩ የት ነው ያለው?» አልኳት።

መቅደስ ቁልፉን ፈልጋ እስክታገኝ ብዙ ዘገየች። የኋላውን ክፍል ከፈተችልኝ። ጠረጴዛ ላይ ከበግ ፀጉር በተሠራ ጥቁር ባና የተጠቀለለ ነገር ተቀምጧል። ከታች በኩል ተጠቅጥቋል፣ ከላይ ተደራርቧል፣ ገመዱ ብቻ እንደ ጅራት ወጥቷል። እጄን ሥሩ ሰደድኩና ወዲያው መለስኩት፤ ያቃጥላል። ውስጥ ማራገቢያው ነፍሱ እስክትወጣ ያፏጫል።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

ቁልፉን በጣቷ ታዞራለች።

«ዘበኛው ነው?»

«አባባ ናቸው» አለችኝ። «አንድ ቀን ጠዋት ገብተው ብረቱን ሲነኩት ቀዘቀዘባቸው። ‹ይኸማ ብርድ እየገደለው ነው› ብለው ይህን ከቤት አምጥተው አለበሱት። እንደገና ሲሞት ‹አልሞቀውም› ብለው አጥብቀው ጠቀለሉት። በገበያ ቀንማ ሌላ ሰው አያምኑም፤ ራሳቸው ናቸው የሚመጡ። ብዙ ሥራ ስለሚውል ያልበዋል፣ ያላበውን ደግሞ ብርድ ከመታው አይተርፍም ይላሉ።»

«አንቺ አውቀሽ ዝም አልሽ?»

«ሳይኖሩ አነሣዋለሁ። ሲመጡ አለብሰዋለሁ። ሌላ ምን ላድርግ? ኮሚቴው ‹ብረት ደግሞ ይበርደዋል?› ብሎ ሲስቅባቸው ‹ታያላችሁ› ብለው የተከራከሩበት ነገር ነው። ‹ሲገድሉት የኖሩት እርስዎ ነዎት› ብዬ እኔ አልነግራቸውም። ከፈለግህ አንተ ንገራቸውና አግባኝ።»

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳትቸኩሉ። የመንዝ ሰው በብርድ አይቀልድም። ግልገል ሲወለድ ወደ ቤት ይገባል፣ ይሸፈናል፤ ሰው ሲያመው ባና ይደረብለታል፣ ካልዳነ ሌላ ይደረብለታል። ጋሽ ሸዋንግዛው ለማኅበሩ የቤታቸውን ባና ነው ያመጡት። የኛ ኩባንያ ተጠቃሚዎች ሰርቨራችንን ብዙ አድርገውታል፤ ከልባቸው አዝነው ያለበሱት ግን እሳቸው ብቻ ይመስሉኛል።

በገበያው ቀን ጋሽ ሸዋንግዛው በጠዋት መጡ። ሰላምታዬን በአገጫቸው ተቀብለው ወደ ኋላው ክፍል ገቡ፣ ባናውን ዙሪያውን ጠቀጠቁ፣ ወጥተው ሰው የሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እኔ ማሽኑ ዘንድ ቀረሁ። ከመቅደስ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው፤ አባቷ ከአግዳሚው ሲነሡ ታስላለች። እሳቸው እስካሉበት ባናውን ገፍፌ እቆማለሁ፤ ሳል ስሰማ አለብሰዋለሁ።

ጋሽ ሸዋንግዛው መቀመጥ የማይችሉ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ለሰላምታ ይነሣሉ፣ ወረፋ ለማስያዝ ይነሣሉ፣ እኔን ለማየት ይነሣሉ። መቅደስ ታስላለች፣ እኔ አለብሳለሁ፤ ይቀመጣሉ፣ እገፍፋለሁ። ረፋዱ ላይ ሰው ስለ ልጅቷ ጤና መነጋገር ጀመረ። አንዲት ሴትዮ «ምች ነው፤ ኧረ ልጄን!» ብለው በመስኮቱ ዳማከሴ አቀበሏት፤ በግድ አስሸተቷት፤ ያን ጊዜ እውነተኛ ሳል ተነሣባትና እኔ ያለ ምክንያት ማሽኑን ስጠቀልል ስፈታ ላብ አጠመቀኝ። ቀጥለው ደግሞ የእውነት ጉንፋን የያዛቸው ሽማግሌ ገበሬ ወረፋ ያዙ። እሳቸው ጉዳያቸውን ፈጽመው እስኪሄዱ ድረስ የሠራሁትን ለጠላቴም አልመኝለት።

በመሀል ተያዝኩ። ባናውን ገፍፌ በደረቴ አቅፌ ቆሜ ሳለ ጋሽ ሸዋንግዛው በሩን ከፈቱ። መቅደስ ዳማከሴውን እየሸተተች ስለነበር ሳትስል ቀርታለች።

«ምን ታደርጋለህ?»

«ላስተካክልለት ብዬ ነው ጋሼ።»

ጠጋ ብለው አዩት። ማሽኑ እያንጎራጎረ ነው። ፊታቸው ፈታ አለ። «ጎበዝ» አሉኝ። «በአንገቱ በኩል ጠበቅ አድርገው። ብርድ የሚገባው በአንገት ነው።» አንገቱ የቱ እንደሆነ ሳልጠይቅ ጠበቅ አደረግኩለት።

ገበያው ተበተነ። የመጨረሻው ገበሬ ጉዳዩን ጨርሶ፣ በቅሎውን ጭኖ ሄደ። ሲስተም ነበር። ሰው እየወጣ መቅደስን ይመርቃታል፤ እሷም በሳሉ ብዛት ድምፅዋ ተዘግቶ በእጇ ትመልሳለች።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ሽማግሌዎቼ ተጠሩ። ደንቡ ተጥሶ እኔም ገባሁ። ጋሽ ሸዋንግዛው ከኮሚቴው ሁለት ሰዎች አስጠርተው ጎናቸው አስቀምጠዋል። መቅደስ የጓዳውን በር ተደግፋ ቆማለች። አባቷ ወደ እኔ ዞረው «በል እንግዲህ፣ ሕመሙ ምን ኖሯል?» አሉኝ።

እኔ የምሠራበት ኩባንያ ምንም አይደብቅም። አንድ ነገር ሲበላሽ ምን እንደተበላሸ፣ ለምን እንደተበላሸ፣ ማን እንዳበላሸው ጽፈን ዓለም እንዲያነበው እናወጣለን። በዚህ እንኮራለን፤ እኔ ራሴ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ስለዚህ ጉዳይ ረጅም ንግግር አደርጋለሁ። ያን ንግግሬን አስታወስኩት። ቀጥዬ ኮሚቴዎቹን አየሁ፤ አንደኛው ገና ከአሁኑ ሊስቅ ከንፈሩን አሹሏል። ጋሽ ሸዋንግዛውን አየሁ፤ የጠየቁኝ የእውነት ሊያውቁ ነው። መቅደስን ለማየት ግን አልደፈርኩም።

«ብርድ ነው ጋሼ» አልኩ። «ብርድ ነው የመታው።»

ሰውየው ዘለው ተነሡ። «አላልኳችሁም?» አሉ ለኮሚቴዎቹ። «ስትስቁብኝ የከረማችሁ! የተማረው ሰው አፍ ይኸው፤ ብርድ ነው!» አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። ልጄን ሰጥቻለሁ፣ ብርድን የሚያውቅ ሰው ቤቱ አይፈርስም፣ ሠርጉ ለጥር ይሁን አሉ። በዚያው ትንፋሽ ለማሽኑ ሁለተኛ ባና እንዲመጣ አዘዙ። አጎቴ እልል ለማለት ሲቃጣቸው መምሬ ያዟቸው። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬ ውስጥ ግን አንድ ነገር ይጎረብጠኛል። ወደ ቤት ስንመለስ መምሬ ብቻቸውን እንደሚናገሩ ሁሉ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ። ስለ ምን እንዳሉት አልጠየቅኳቸውም።

ክረምቱ አለፈ። መቅደስ አባቷ ሳይኖሩ ሁለቱን ባና ታነሣለች፣ ሲመጡ ታለብሳለች፤ ሲስተሙም አንዳንዴ ካልሆነ አይጠፋም። ኅዳር ላይ ጋሽ ሸዋንግዛው የሠርግ ልብስ ሊገዙ አዲስ አበባ መጡና «የምትሠራበትን ቤት አሳየኝ» አሉኝ። ሩቅ ነው አልኩ። ከመንዝ የመጣ ሰው ይህ ይርቀዋል? አሉኝ። ደረጃው ብዙ ነው አልኩ። ጓሳን በእግሬ ነው የምጠብቀው አሉኝ። ሌላ ምክንያት ጠፋኝና ወሰድኳቸው።

ቢሮው ደስ አላቸው። ሁሉም አባባ እያለ ተቀበላቸው። አንድ ባልደረባዬ፣ እግዜር ይይለትና፣ «ማሽኖቹን ላሳያቸው» ብሎ ቁልፉን አነሣ። ሰርቨሮቹ ያሉበትን ክፍል ሲከፍተው ብርዱ ፊታችንን መታን። ጋሽ ሸዋንግዛው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ምነው እንዲህ በረደ? መስኮት ረስታችሁ ነው?»

«ሆን ብለን ነው አባባ!» አለ ባልደረባዬ። እግሩን ረገጥኩት፤ እግሩን ስቦ ቀጠለ። «እነዚህን የሚገድላቸው ሙቀት ነው። ትንሽ ከሞቃቸው ይጠፋሉ። ለዚህ ነው ቀኑን ሙሉ ቅዝቃዜ የምንነፋባቸው። አንዳንድ ቦታማ ጨርቅ ይጥሉባቸዋል አሉ!» ብሎ ሳቀ። ብቻውን ነው የሳቀው።

ጋሽ ሸዋንግዛው በማሽኖቹ መካከል ቀስ ብለው ሄዱ። አንዱን በመዳፋቸው ነኩት። ቆዩ። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ። ብዙ አዩኝ። «ራቁታቸውን ነው የሚውሉ?» አሉኝ።

«አዎን ጋሼ» አልኩ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ በሩ ሄዱ። እኔም መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ ላይ ሲወጡ «ደህና ሁን» አሉኝ፤ እንደ ወትሮው «ልጄ» የሚል አልጨመሩበትም።  እኚህን ሰው ከውርደት ያዳንኳቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ውርደቱን አስቀምጬ፣ ፎቅ አውጥቼ፣ የማያውቁት ሰው ፊት ነው የሰጠኋቸው። ከመቅደስ መለየቱ ያስፈራኛል፤ የእሳቸው ዓይን ግን ያሳፍረኛል። ይቅርታ ለመጠየቅ ስልክ አነሣና ምን ብዬ እንደምጀምር ሳላውቅ አስቀምጣለሁ።

በመጨረሻ የደወለችው መቅደስ ናት።

«ሠርጉ ቀረ?» አልኳት ሰላም ሳልላት።

«የምን ሠርግ ነው የሚቀረው? ስማኝ እንጂ። ዛሬ የኮሚቴ ስብሰባ ነበር። አባባ ከሁሉም ቀድመው መጡ፣ ወደ ኋላው ክፍል ብቻቸውን ገቡ፣ ሁለቱን ባና አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ወጡ። ኮሚቴው ሁሉ ደነገጠ። ‹ምነው ጋሽ ሸዋንግዛው፣ ይሙት እንዴ?› አሏቸው።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«‹አይሞትም፤ ብርዱ አልፏል› አሉ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው ‹ለዚያ ልጅ ንገሪው፤ ወፍራሙ ባና ለናንተ ቤት ነው› ብለውኝ ሄዱ።»

ወሩ ኅዳር ነበር። በዚያ ጠዋት የጓሳ ሣር በውርጭ ነጭ ሆኖ፣ የማኅበሩ ቧንቧ ውኃ በረዶ ሠርቶ ነበር። ከኮሚቴው አንድም ሰው ወደ ደጅ ዞር ብሎ አላየም።